«ጂን ነው» ከማለታችን በፊት

ምንም ሳይበላ እንደሚያኝክ አፉን የሚያንቀሳቅስ፣ ምላሱን ሳያስበው የሚያወጣ ወንድም ስናይ «ጂን ነው» ለማለት እንቸኩላለን። ታርዲቭ ዲስኪኔዢያ የተባለ የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንን የመሳሰሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች በአንጎል ውስጥ የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግዱ፣ ለወራት ወይም ለዓመታት ሲወሰዱ ያመጡታል። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ሜቶክሎፕራማይድም ከ12 ሳምንት በላይ ሲወሰድ ያሰጋል።

ሩቅያው መልካም ነው። መድኃኒቱን በድንገት ማስጣል ግን ሕመሙን ያገረሸዋል፤ እንቅስቃሴውንም ሊያብሰው ይችላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዘዋል፤ ስለዚህ ሳይቆይ ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል፤ ከዘገየ ግን እንቅስቃሴው ላይጠፋ ይችላል።

ሶላቱስ? ከፈቃዱ ውጭ የሆነ እንቅስቃሴ ሶላቱን አያበላሽበትም።