ላፕቶፕ አላስገባ ሲለን፦ ከመደምሰስ በፊት መለየት

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ፣ በወጣቶች ማዕከልና በየቤቱ እየተደጋገመ ስለመጣ አንድ ችግር ነው። ይኸውም ላፕቶፑ ይበራና የይለፍ ቃል፣ በተለምዶ ፓስዎርድ የምንለውን፣ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ይጽፋል፤ ላፕቶፑ ግን «ስህተት ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በስደት ላይ ላለ ሰው ላፕቶፕ ማለት ዕቃው ብቻ አይደለም። መምህሩ የመዘገበው የተማሪዎች ውጤት፣ ተማሪዋ ለዳፊ ስኮላርሺፕ ያዘጋጀችው ድርሰት፣ ዋናው የጠፋ የትምህርት ማስረጃ ፎቶ፣ አገር ቤት የቀሩ ወላጆች ምስል ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ዕቃው በገንዘብ ይተካል፤ እነዚህ ግን አይተኩም።

በብዛት የሚታየው አካሄድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ወደ ጠጋኝ መሮጥ ነው። አንዳንዱ ጠጋኝም ሳይጠይቅ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ላፕቶፑ ይከፈታል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ፎርማት የተደረገ ፋይል ግን ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይለቀምም። የተቆለፈ ላፕቶፕ የጠፋ ላፕቶፕ አይደለም። ስለሆነም የዛሬው ትምህርት ዓላማ አንድ ነው፤ ከመደምሰስ በፊት የተዘጋው የትኛው በር እንደሆነ መለየት። ትምህርቱ ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 ለተጫነባቸው ላፕቶፖች የተዘጋጀ ነው።

ክፍል አንድ፦ የተዘጋው የትኛው በር ነው?

ላፕቶፕ እንደ ግቢ የአጥር በር፣ የቤት በርና የጓዳ በር አለው። የአንዱ ቁልፍ ሌላውን አይከፍትም። በሩን የምንለየው በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ነገር ነው።

ሀ) የዊንዶውስ ምልክት ከመታየቱ በፊት የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ የተዘጋው የአጥሩ በር ነው። ይህ ቁልፍ ያለው ባዮስ በሚባለው የማስነሻ ፕሮግራም ላይ ሲሆን ፎርማት ማድረግ አያነሳውም። የሚያውቀው ያስገባው ሰው ወይም ላፕቶፑን የሰጠው ድርጅት ነው።

ለ) ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ቢትሎከር የሚል ስምና 48 አሃዝ የሚሞላበት ቦታ ካሳየ፣ የተቆለፈው ፋይሉ የተቀመጠበት ዲስክ ራሱ ነው። ይህን በክፍል አራት እናየዋለን።

ሐ) ስማችሁ ታይቶ የይለፍ ቃል ወይም ፒን ከጠየቀ፣ የተዘጋው የዊንዶውስ በር ነው። አብዛኛው ችግር እዚህ ላይ ነው።

መ) የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ ካስገባችሁ በኋላ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ፋይላችሁ ሁሉ ካልታየ፣ ችግሩ የይለፍ ቃሉ አይደለም። ዊንዶውስ ጊዜያዊ ክፍል ከፍቶላችሁ ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ፤ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ በቦታው አለ። ነገር ግን በዚያ ሁኔታ ምንም አዲስ ነገር አትጻፉ፤ በጊዜያዊው ክፍል የተቀመጠ ሥራ ስትወጡ ይጠፋልና። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሱት።

ክፍል ሁለት፦ የይለፍ ቃሉን ከመጠራጠር በፊት ኪቦርዱን መመርመር

ብዙ ሰው «ረሳሁት» የሚለው የይለፍ ቃል በእርግጥ አልተረሳም፤ ኪቦርዱ ሌላ ፊደል ጽፎበት ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የሚከተሉትን ተመልከቱ።

1. ዓይኑን ተጫኑ። የይለፍ ቃል መጻፍ ስትጀምሩ በሳጥኑ ቀኝ ጫፍ የዓይን ምስል ይታያል። አጠገባችሁ ሌላ ሰው አለመኖሩን አረጋግጣችሁ ስትጫኑት የጻፋችሁት በግልጽ ይነበባል። ይህ አንድ እርምጃ ብቻውን ብዙ ችግር ይፈታል።

2. ካፕስ ሎክን ተመልከቱ። ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ለላፕቶፑ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

3. የኪቦርዱን ቋንቋ ተመልከቱ። ከአንድ በላይ ኪቦርድ ከተጫነ በስክሪኑ ታችኛው ቀኝ ጥግ ቋንቋው በአጭሩ ተጽፎ ይታያል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስን ብትመቱ ይለወጣል። ከአውሮፓ በእርዳታ ወይም በያገለገለ ዕቃ ንግድ የመጡ ላፕቶፖች ላይ ይህ ነጥብ ትልቅ ትርጉም አለው። በፈረንሳይ አቀማመጥ የ«ኤ» እና የ«ኪው» ቦታ ተለዋውጧል፤ የ«ዜድ» እና የ«ደብሊው»ም እንዲሁ። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ለመጻፍም ሺፍትን መያዝ ያስፈልጋል። በጀርመን አቀማመጥ ደግሞ «ዋይ» እና «ዜድ» ቦታ ተቀያይረዋል። በቁልፉ ላይ የታተመው ፊደልና ላፕቶፑ የሚጽፈው ላይገናኙ ይችላሉ ማለት ነው።

4. ነም ሎክን ተመልከቱ። በአንዳንድ ትናንሽ ላፕቶፖች ነም ሎክ ሲበራ «ጄ፣ ኬ፣ ኤል» የሚሉት ቁልፎች 1፣ 2፣ 3 ይጽፋሉ፤ «ዩ፣ አይ፣ ኦ» ደግሞ 4፣ 5፣ 6።

5. ድርብ ፊደል ይጠፋባችኋል? የቀኙን ሺፍት ለ8 ሴኮንድ ያህል ይዞ መቆየት ተደጋጋሚ ምትን ችላ የሚል አገልግሎት ሊያስነሳ ይችላል። ያን ጊዜ የይለፍ ቃሉ ውስጥ ሁለት «ኤስ» ካለ አንዱ ብቻ ይጻፋል። ይህን አገልግሎት በታችኛው ቀኝ ጥግ ባለው የተደራሽነት ምልክት ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ።

6. አቧራ። በካኩማና በካሎቤዬ አቧራና ሙቀት ኪቦርድን ቶሎ ያደክማሉ። አንድ ቁልፍ አልመታ ካለ በዚያው የተደራሽነት ምልክት ውስጥ በስክሪን ላይ የሚታይ ኪቦርድ አለ። ያን ከፍታችሁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በመዳሰሻው ምረጡ።

ይህ ሁሉ ሳይመረመር ደጋግሞ መገመት አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ጀምሮ በአዲስ የተጫኑ ሲስተሞች 10 ጊዜ ስህተት ከተጻፈባቸው ለ10 ደቂቃ ይቆለፋሉ። ያን ጊዜ ትክክለኛው ቃል ቢጻፍም አይቀበሉም። ይህ ቢደርስባችሁ ተነሱ፤ ሻይ ጠጡና ተመለሱ።

ክፍል ሦስት፦ በእርግጥ ከተረሳ

የይለፍ ቃል የሚታደስበት መንገድ እንደ አካውንቱ ዓይነት ይለያያል።

ፒን፦ ፒን የሚሠራው በዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ፒኑን ብትረሱ ከሥሩ «ሳይን ኢን ኦፕሽንስ» የሚለውን ተጫኑ፤ የቁልፍ ምስል ካለ በይለፍ ቃሉ መግባት ትችላላችሁ።

የላፕቶፑ የራሱ አካውንት፦ ይህ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 እንዲህ ላለው አካውንት ሦስት የደህንነት ጥያቄዎች ያስመዘግባል። አንድ ጊዜ ከተሳሳታችሁ «ሪሴት ፓስዎርድ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ እሱን ተጭናችሁ መልሱ። እዚህ ላይ ለእኛ የተለየ ችግር አለ። መልሱ የአገራችን ስም ሆኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ አጻጻፉ አንድ አይደለም። ደሴን አንዱ በአንድ «ኤስ» ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ ጸሐይን አንዱ በ«ቲ» ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። ስለዚህ መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ቢመልሳችሁ ሌላውን አጻጻፍ ሞክሩ። በላፕቶፑ ላይ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው ሌላ ተጠቃሚ ካለም እሱ ገብቶ ሊያድስላችሁ ይችላል።

የማይክሮሶፍት አካውንት፦ ስሙ የኢሜይል አድራሻ ከሆነ የይለፍ ቃሉን በማንኛውም ስልክ ላይ በማይክሮሶፍት ገጽ ማደስ ይቻላል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ላፕቶፑ አዲሱን ቃል የሚያውቀው ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ነው። በስልክ ለውጣችሁ ላፕቶፑ ግን ኢንተርኔት ከሌለው የሚጠብቀው የድሮውን ነው። በመግቢያው ስክሪን ታችኛው ቀኝ ጥግ ካለው የኔትወርክ ምልክት ዋይፋይ አገናኙት። ባትሪው አልቆ ብዙ ጊዜ የቆየ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ተመልከቱ። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ከተመለሰ ከማይክሮሶፍት ጋር መገናኘት ያቅተዋል። ቀኑን ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማስተካከል ይቻላል።

የትምህርት ቤት ወይም የድርጅት አካውንት፦ ይህን የሚያድሰው የዚያ ተቋም የኮምፒዩተር ኃላፊ ነው። ሌላ መንገድ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

የሲም ካርድ ጉዳይ፦ የማይክሮሶፍት አካውንት ሲታደስ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው በተመዘገበው ስልክ ወይም ኢሜይል ነው። ብዙዎቻችን አካውንቱን የከፈትነው በአገር ቤት ቁጥር፣ ወይም በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም ነው። ያ ቁጥር ዛሬ ወይ ተዘግቷል፣ ወይም የሌላ ሰው ሆኗል። የተመዘገበውን መረጃ በሙሉ በአዲስ ለመተካት ማይክሮሶፍት 30 ቀን ያስጠብቃል። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ የሚዘጋው በሳምንት ከሆነ 30 ቀን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በመሆኑም ሲም ስትለውጡ አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት አዲሱን ቁጥር በአካውንታችሁ ላይ አስመዝግቡ።

ክፍል አራት፦ ቢትሎከር 48 አሃዝ ሲጠይቅ

ቢትሎከር ዲስኩን የሚቆልፍ የዊንዶውስ አገልግሎት ነው። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ በራሱ ይበራል። በማስነሻው ፕሮግራም ላይ ለውጥ ሲደረግ ወይም የላፕቶፑ ክፍል ሲቀየር ቁጥሩን ሊጠይቅ ይችላል።

ቁጥሩ ስድስት ስድስት አሃዝ ሆኖ በስምንት ቦታ የተከፈለ ነው። ሊገመት አይችልም። ቁጥሩ ከሌለ ጠጋኝም ሆነ ራሱ ማይክሮሶፍት ሊከፍተው አይችልም፤ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሰካትም አይረዳም። ስለዚህ «እኔ እከፍተዋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትመኑ።

ቁጥሩ የት ይገኛል? ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል። በሰማያዊው ስክሪን ላይ የቁልፉ መለያ ተጽፏል፤ አካውንቱን በስልክ ከፍታችሁ ከዚያ መለያ ጋር የሚገናኘውን ቁጥር ውሰዱ። ያገለገለ ላፕቶፕ ከገዛችሁ ቁጥሩ ያለው በቀድሞው ባለቤት አካውንት ሊሆን ይችላል። የሻጩን አድራሻ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ክፍል አምስት፦ ሌላ መንገድ ሲጠፋ

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተሳካ መደምሰስ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ፋይሉን ማውጣት ይሞከር። ዲስኩ በቢትሎከር ካልተቆለፈ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኡቡንቱ የተባለውን በነጻ የሚገኝ ሲስተም ከፍላሽ አስነስቶ፣ ሳይጭኑት፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ፍላሽ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሰካት ነው። ጠጋኝ ጋር ስትሄዱ «ክፈትልኝ» አትበሉ፤ «መጀመሪያ ፋይሌን አውጣልኝ፣ ሳላይ ምንም አታጥፋ» በሉ። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል የአንድ ዓመት ሥራ ሊኖር ይችላል።

ይህ ሁሉ የተነገረው ስለራስ ላፕቶፕ ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ ወይም የድርጅት ምልክት ያለበት የተቆለፈ ላፕቶፕ በርካሽ ቢቀርብላችሁ አትግዙ፤ ለመክፈትም አትሞክሩ።

ክፍል ስድስት፦ ዛሬውኑ ልናደርገው የሚገባ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ላፕቶፑ ገና እያስገባን ሳለ የሚከተሉትን እንፈጽም።

- የአካውንቱን ኢሜይል፣ የተመዘገበውን ስልክ፣ የደህንነት ጥያቄዎቹን መልስ ከነአጻጻፉና 48 አሃዙን በወረቀት ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ ከቤተሰብ ሰነድ ጋር አስቀምጡ። በላፕቶፑ ክዳን ላይ አትለጥፉ።
- ከስልክ ሌላ ሁለተኛ ኢሜይል አስመዝግቡ።
- በየሳምንቱ መጨረሻ አስፈላጊውን ፋይል ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ ፍላሹን ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አኑሩ።
- በስልክ የደረሳችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ማንም ቢጠይቃችሁ አትስጡ። «ከማይክሮሶፍት ነው የምደውለው» ቢላችሁም እንኳ።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. አንዲት ተማሪ የማይክሮሶፍት አካውንቷን የይለፍ ቃል በስልክ ለወጠች፤ ላፕቶፑ ግን ኢንተርኔት የለውም። የትኛው ቃል ያስገባታል?
2. ላፕቶፑ የዊንዶውስ ምልክት ከመታየቱ በፊት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ፎርማት ማድረግ ይረዳል?
3. ሲም ካርድ ከመለወጥ በፊት ምን ይደረጋል?
4. ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ሳለ አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሰካት ፋይሉን ያስገኛል?

መልስ፦ 1. የድሮው። 2. አይረዳም። 3. አዲሱን ቁጥር በአካውንቱ ላይ ማስመዝገብ። 4. አያስገኝም፤ 48 አሃዙ የግድ ነው።

ይህን ገጽ ቆርጣችሁ በክፍላችሁ ወይም በማዕከላችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት፣ የተቸገረ ሰው ወደ ጠጋኝ ከመሮጡ በፊት ያነበዋል።