ማርስ ገብቼ ምን አጥቼ

እንቆቅልሽ ያልተጫወተ ልጅ በአረርቲ ሰፈሮች ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋው እንደሆነ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። ባለድሉም «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ የሞላለትን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ መልሱን ይናገራል። ስለ ፀሐይና ስለ ፕላኔቶች ለልጆች ማስተማር የሚፈልግ ወላጅ ወይም መምህር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አያገኝም ብዬ አምናለሁ።

አንድ ሕግ ብቻ ይቀይሩ፤ የሚሰጠው ሀገር ፕላኔት ይሁን። ማርስ የተሰጠው ልጅ «ማርስ ገብቼ ምን አጥቼ» ሲል ያጣውን የምር መቁጠር ይኖርበታል። የሚተነፍሰው አየር አጥቷል፤ የማርስ የአየር ግፊት የምድርን አንድ በመቶ አይሞላም፣ አየሩም በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሙቀት አጥቷል፤ አማካዩ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ነው። የሚፈስ ወንዝ አጥቷል፤ ውሃው በዋልታዎቹና ከመሬት ሥር በረዶ ሆኖ ተቀምጧል። ያላጣውም አለ፤ የማርስ ቀንና ሌሊት አንድ ላይ 24 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ እንቅልፉ ብዙ አይዛባም። ቬነስ የደረሰበት ልጅ 460 ዲግሪ ሙቀትና ከእኛ 90 እጥፍ ያህል የሚከብድ የአየር ግፊት ይጠብቀዋል። ጁፒተር የደረሰበት ደግሞ የሚቆምበት መሬት እንኳ የለውም። ጓደኛ የተናገረውን መድገም ክልክል ነው ካሉ፣ ልጆቹ ለሚቀጥለው ዙር የሳይንስ መጽሐፋቸውን ማንም ሳያዛቸው ይገልጣሉ።

የጨዋታው ጉልበት ያለው ቁጥሩ የሚመጣበት ጊዜ ላይ ነው። ልጁ መጀመሪያ ይቸገራል፤ ቁጥሩ የሚደርስለት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ጠፈር የሚነገር ታሪክ ሁሉ በዚህ መንገድ ቢሠራ እመኛለሁ፤ የታሪኩ እንቅፋት ራሱ እውነተኛው ርቀት፣ እውነተኛው ሙቀት፣ እውነተኛው ፍጥነት ይሁን። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ለፀሐይ ዓይንና አፍ ሥለን «እኔ ትልቅ ነኝ» እናስብላታለን፤ ቁጥሮቹን ደግሞ መጨረሻ ላይ እንደ ቤት ሥራ እንለጥፋቸዋለን። ለትንንሾቹ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ያስፈልጋል፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን የታየችውን ቀጭኔዋን ፀሐይን የሚወዱ ልጆች ምስክር ናቸው። አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ግን እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ ችግር ይፈልጋል።

ለዚህ ዕድሜ የምመርጠው የዩጂን ፓርከርን ታሪክ ነው። «ተረት ተረት» ብለው ይጀምሩ፣ «የላም በረት» ይበሉልዎ፤ ይህኛው ግን በእውነት የሆነ መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ወጣት የፊዚክስ ሊቅ፣ ከፀሐይ ያለማቋረጥ ወደ ውጭ የሚነፍስ የቅንጣቶች ጅረት አለ ብሎ ጻፈ። ጽሑፉን የመረመሩት ሁለት ባለሙያዎች አይታተም አሉ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሱብራህማንያን ቻንድራሴካር ሐሳቡ ባይጥመውም ስሌቱ ላይ ስሕተት ስላላገኘበት አሳተመው። እዚህ ላይ ያቁሙና ይጠይቁ፤ ማን ልክ ይመስላችኋል? እንዴትስ ይታወቃል? ልጆቹ ጎራ ለይተው ይከራከሩ፤ ዝም ለማሰኘት አይቸኩሉ። «ሄዶ ማየት ነው» የሚል ሲገኝ ይቀጥሉ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ቬነስ የተላከችው ማሪነር 2 ነፋሱን በመንገዷ ላይ ለካችው። ፓርከር ልክ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ናሳ በእሱ ስም የተሰየመችውን መንኮራኩር ወደ ፀሐይ ሲያስወነጭፍ የ91 ዓመቱ አዛውንት በዓይናቸው አዩ። ናሳ በሕይወት ባለ ሰው ስም መንኮራኩር ሲሰይም ያ የመጀመሪያው ነበር።

ቀጥሎ ትልቁ እንቅፋት ይመጣል፤ መንኮራኩሯ ፀሐይ አጠገብ ደርሳ እንዴት አትቃጠልም? «በሌሊት ትሂድ» የሚል ልጅ አይጠፋም። ማንም እንዲስቅበት አይፍቀዱ፤ ሌሊት ማለት የምድር የራሷ ጥላ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ አጋጣሚ አይገኝም። መሐንዲሶቹ ያገኙት መልስ 11.4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቦን ጋሻ ነው። ፊቱ እስከ 1,400 ዲግሪ ገደማ እንዲችል ተሠርቷል፤ ከጀርባው ያሉት መሣሪያዎች ግን የአረርቲ የበጋ ቀትር በሚመስል 30 ዲግሪ አካባቢ ይሠራሉ። ንቁ ተማሪ የፀሐይ የውጭ ከባቢ፣ ኮሮና የሚባለው፣ ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ መሆኑን ሰምቶ ይሆናልና ይሞግትዎታል። ወደ ማዕድ ቤት ይውሰዱት። እጅ ከጋለ ምጣድ በላይ ባለው አየር ውስጥ ቶሎ ቢያልፍ አይቃጠልም፤ ምጣዱን የነካ ግን ይላጣል። ኮሮናም እጅግ ሳስቶ የተበተነ በመሆኑ፣ ቅንጣቶቹ የቱንም ያህል ቢግሉ ጋሻውን የሚነኩት ጥቂቶች ናቸው።

ታሪኩ ጫፍ የሚደርሰው ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። መንኮራኩሯ ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሰዓት 690,000 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አለፈች። በዚያ ፍጥነት ከአረርቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ሴኮንድ አይፈጅም። በዚያ ሰዓት ግን ከምድር ጋር አትገናኝም ነበር። ተርፋ ይሆን? ልጆቹን ትንሽ ያቆዩአቸው፤ ሳይንቲስቶቹም ጠብቀዋል። «ደህና ነኝ» የሚለው ምልክት የደረሰው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 18 ማለዳ ላይ ነው።

6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ? ለዚህ አረርቲ ያለችበት የምንጃር ምድር ራሱ መለኪያ ይሰጣል። አንዲት የጤፍ ፍሬ ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ፤ ስፋቷ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ እሷ ምድር ትሁን። በዚህ ልክ ፀሐይ 11 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ልጆቹ የሚያክላት የጨርቅ ኳስ ይስሩ። ጤፏ ከኳሱ 11.7 ሜትር ትርቃለች። የፓርከር መንኮራኩር የደረሰችበት ቦታ ከኳሱ ጠርዝ 48 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ክንድ። አንዱን ልጅ ጤፏ ዘንድ አቁመው ሌላው በክንዱ ይለካ። ጁፒተር ውሃ ውስጥ አድሮ ያበጠ ሽምብራ ነው፣ 61 ሜትር ላይ። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የሽምብራ ዝርያዎች አንዱ «አረርቲ» መባሉን ልጆቹ ሲሰሙ ፍሬውን በሌላ ዓይን ያዩታል። ኔፕቱን የምትሆነው ምስር ከኳሱ 350 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። ለፀሐይ በጣም ቅርብ የሆነው ሌላ ኮከብ ግን በዚህ ልክ 3,100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ልጆቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ።

የእኛ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ መልስ ይገባዋል። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ሀገራት ለሩቅ ኮከቦች ያወጧቸውን ስሞች ይፋ ሲያደርግ፣ ኢትዮጵያ ኤችዲ 16175 የተባለውን ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረውን ፕላኔት «አቦል» ብላ ሰይማለች። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ ሲሆን ቡናን አንዴ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። በዚያው ሳምንት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን፣ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና ተወነጨፈች፤ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነበር። ቡናን የሚዞር ሁለተኛ ፕላኔት ቢገኝ «ቶና» ይባል እንደሆነ ልጆቹ ይከራከሩበት። ስም የማውጣት መብት እኛም እንዳለን ያወቀ ልጅ ጠፈርን የሌላ ሰው ርስት አድርጎ አያይም።

ከዚህ በኋላ ወደ ውጭ ይውጡ። አረርቲ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል በአናቷ ላይ ታልፋለች፤ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ። ሚያዝያ ላይ ሰማዩ ከነሐሴ የተሻለ ይጠራል። ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ላይ ይትከሉና ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ጥላውን ይዩ፤ ሥሩ ተሰብስቦ ይጠፋል። ከሁለቱ ቀኖች መካከል ባሉት ወራት የቀትሩ ጥላ ወደ ደቡብ፣ በቀሪው ዓመት ወደ ሰሜን ይወድቃል። የጥላውን ጫፍ በየሳምንቱ በጠጠር ምልክት የሚያደርግ ልጅ የፀሐይን ጉዞ የሚጽፈው በራሱ እጅ ነው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ አለ፤ በግብፅና በየመን ሙሉ ሲሆን በኢትዮጵያ ከፊል ሆኖ ይታያል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበቱን ግርዶሽ ያዩ ቤተሰቦች ስለሚያወሩት፣ ያን ቀን ያላየ ልጅ ይህን ይጠብቃል። ፀሐይን በቀጥታ፣ በጥቁር መነጽርም ሆነ በተጠቀለለ ፌስታል ማየት ዓይን ያጠፋል፤ ይህን ደጋግመው ይንገሯቸው። ካርቶን ወስደው በምስማር ጥቂት ቀዳዳዎችን አራርቀው ይብሱ፣ ከነጭ ወረቀት በላይ አንድ ሜትር ከፍ አድርገው ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይያዙት፤ በግርዶሹ ሰዓት እያንዳንዱ ቀዳዳ ማጭድ የመሰለ የፀሐይ ምስል ይጥላል። ሐምሌ ደመናማ ነውና ልምምዱን በበጋ ይጀምሩ። ከቀዳዳዎቹ አንዱን ትንሽ ሦስት ማዕዘን አድርገው ቆርጠው ካርቶኑን ከፍ፣ ከፍ ያድርጉት፤ ብርሃኑ ክብ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ልጆቹ መጀመሪያ ይገምቱ።