ስለ ቂጥኝ፤ ቁስል ቢደርቅ በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይህ ምሳሌ ከቂጥኝ ይልቅ የሚስማማው ደዌ ጥቂት ነው፤ በሽታው ራሱ ይሰወራልና፥ ሰውም ከኀፍረት የተነሣ ይሰውረዋልና።

የበሽታው ምክንያት በዓይን የማይታይ፥ እንደ ተጠማዘዘ ክር ያለ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ አገኙት። የሚተላለፈውም ይልቁን በሩካቤ ሥጋ፥ ደግሞም ከእናት ወደ ፅንስ ነው። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሕመምተኛውን ከማዕድ መለየት ከንቱ ነው።

አካሄዱም እንዲህ ነው፤

1ኛ፤ ብዙውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ገደማ ተሐዋሲው በገባበት ስፍራ ሕመም የሌለው ቁስል ይወጣል። በሴት ላይ ግን ተሰውሮ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። መድኃኒት ባይደረግለትም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርቃል። ብዙ ሰው «ዳንሁ» ብሎ የሚታለል በዚህ ጊዜ ነው።

2ኛ፤ ቀጥሎ በገላ ላይ፥ በመዳፍና በውስጥ እግርም ሳይቀር፥ ሽፍታ ይታያል፤ እርሱም በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

3ኛ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ምልክት ብዙ ዓመት ተሸሽጎ ይኖራል። ባንዳንዶቹም ኋላ ተነሥቶ ልብንና ትልቁን የደም ሥር፥ አንጎልንም ያበላሻል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ምንም ያልበደሉት ሰዎች መከራ ነው። ባል ያመጣውን ሚስት ሳታውቅ ትቀበላለች፤ በማኅፀንዋ ያለውም ልጅ ሞቶ ወይም ታሞ ሊወለድ ይችላል።

መድኃኒቱ ግን አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ማሆኒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልንጀሮቹ ፔኒሲሊን ይህን በሽታ እንደሚያድን አሳዩ። በሽታው አዲስ ከሆነ አንድ ጊዜ በመርፌ መወጋት ይበቃል፤ የቆየ እንደ ሆነ ይደጋገማል። ነገር ግን አስቀድሞ የተበላሸውን አካል መልሶ አይሠራውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ምን ማድረግ ይገባል? የሚጋቡ ሁለቱም ደማቸውን ያስመርምሩ። የፀነሰች ሴት ሳትዘገይ ትመርመር። በሽታ የተገኘበትም ሰው ለትዳር ጓደኛው እውነቱን ይናገር፤ አንዱ ታክሞ ሌላው ቢቀር በሽታው ይመላለሳልና። ሕክምናው ተፈጽሞ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስም ከሩካቤ ይከልከል። እኛም የታመመውን አንናቅ፤ ንቀትን የፈራ ከሐኪም ይሸሻልና። በሐኪም ፊት የሚሰማ ኀፍረት ላንድ ሰዓት ነው፤ የዝምታ ዕዳ ግን ለልጅ ይተርፋል።