ስለ ራስ መናገር ይለመዳል፦ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ለመሪነት የሚሠለጥኑበት መንገድ



በዚህ እትም የኅብረተሰብ ትምህርት ገጻችን የምንማረው፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ስለ ራሳቸው ጉዳይ በኃላፊዎች ፊት ለመናገር እንዴት እንደሚሠለጥኑ ነው። ትምህርቱ የሚመለከተው አካል ጉዳት ያለባቸውን ተማሪዎች ብቻ አይደለም። ማየት የተሳነው አባት፣ መስማት የተሳናት እኅት ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ታናሽ ወንድም ያላችሁ ሁሉ አንብቡት። መጨረሻ ላይ ያሉትን ጥያቄዎችም በደብተራችሁ ሥሩ።

1. የራስ ተሟጋች ማለት ምን ማለት ነው?

የራስ ተሟጋች የሚባለው የራሱን ጉዳይ ራሱ የሚያስረዳ ሰው ነው። የሚያስረዳው በአንደበቱ፣ በምልክት ቋንቋ፣ በጽሑፍ ወይም በሥዕል ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር አሳቡ የእርሱ መሆኑ ነው።

በብዙ ቦታ ግን አካል ጉዳተኛን የሚመለከት ስብሰባ ሲጠራ ሄዶ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። ይህ የሚሆነው በክፋት ሳይሆን በሐዘኔታ ነው። እናት «ልጄ ይደክመዋል» ትላለች፤ ጎረቤት «እኔ እነግርለታለሁ» ይላል። የሚያዝን ሰው ሁሉ ግን ችግሩን ያውቀዋል ማለት አይደለም። ምርኩዝ ይዞ ጭቃ ውስጥ የሚሄድ ሰው መንገዱ የት ላይ እንደሚያዳልጥ ከማንም በላይ ያውቃል። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ለዚህ ጉዳይም ይሠራል።

2. ሥልጠናው እንዴት ተጀመረ?

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ነዋሪ የሆኑና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ጥቂት ሰዎች ካናዳ ውስጥ ወደተደረገ ጉባኤ ሄዱ። ጉባኤው ስለ እነርሱ ቢሆንም በአብዛኛው ሲናገሩ የነበሩት ባለሙያዎች ነበሩ። በዚህ ስላልረኩ ሲመለሱ የራሳቸውን ጉባኤ ለማዘጋጀት ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1974 ባደረጉት ጉባኤ ከ500 በላይ ሰዎች ተገኙ። ለማኅበራቸው ያወጡት ስም በእኛ ቋንቋ «ከሁሉ አስቀድሞ ሰዎች ነን» እንደ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በሚኒሶታ ግዛት «ፓርትነርስ ኢን ፖሊሲሜኪንግ» የተባለ የመሪነት ሥልጠና ተጀመረ። ትርጉሙ «በፖሊሲ አወጣጥ ተባባሪዎች» ማለት ነው። ሠልጣኞቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ እነርሱም የዕድገት እክል ያለባቸው አዋቂዎችና እንዲህ ያለ እክል ያለባቸው ትናንሽ ልጆች ወላጆች ናቸው። ሥልጠናው በ8 ዙር ተከፍሎ እያንዳንዱ ዙር 2 ቀን ይፈጃል። በዙሮቹ መካከል የቤት ሥራ ይሰጣል። የአካል ጉዳተኞችን ታሪክ፣ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር ስለሚማሩበት መንገድ፣ ሕግ እንዴት እንደሚወጣ፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራና በሕግ አውጪዎች ፊት እንዴት እንደሚነገር ይማራሉ። ሥልጠናው ቆይቶ ወደ ሌሎች የአሜሪካ ግዛቶችና ወደ እንግሊዝ ተስፋፍቷል።

ወላጆችና አካል ጉዳተኞች በአንድ ክፍል የሚቀመጡበት ምክንያት አለ። የ3 ዓመት ልጅ ያላት እናት፣ የልጇ ዓይነት እክል ያለበት አዋቂ ተነሥቶ አሳቡን ሲያስረዳ ስታይ፣ ልጇ ነገ ምን ሊሆን እንደሚችል ትረዳለች። በልጇ ፋንታ መናገር እስከ የት ድረስ እንደሚያስፈልግ፣ ከየት ጀምሮ ደግሞ ለራሱ መተው እንዳለባት ማሰብ ትጀምራለች።

3. ሕጉስ ምን ይላል?

የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ኬንያ በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010 ተቀብለውታል። የስምምነቱ አንቀጽ 4 መንግሥታት አካል ጉዳተኞችን የሚመለከት ውሳኔ ሲያደርጉ በማኅበሮቻቸው በኩል ራሳቸውን እንዲያማክሩ ያዛል። አካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናትም እንዲማከሩ በግልጽ ተጽፏል። ስለዚህ «ገና ልጅ ነህ» ተብሎ ዝም መባል የለም።

አሁን የምንኖርባት የኬንያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀ ሲሆን፣ አንቀጽ 54 አካል ጉዳት ያለበት ማንኛውም ሰው በክብር እንዲያዝና በሚያዋርድ ስም እንዳይጠራ ይደነግጋል። ወደ ልዩ ልዩ ቦታዎች የመድረስና በምልክት ቋንቋ ወይም በብሬል የመጠቀም መብትም ይሰጣል። አንቀጹ «ማንኛውም ሰው» ይላል እንጂ «ማንኛውም ዜጋ» አይልም። ይህን ልብ በሉ።

ከአገራችን ልጆችም በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። የትነበርሽ ንጉሤ በወሎ ተወልዳ በልጅነቷ ዓይኗን ያጣች ስትሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

4. እኛስ እንዴት እንለማመድ?

ሀ. አንድ ችግር ብቻ ምረጡ። አሥር ነገር የጠየቀ አንዱንም ሳያገኝ ይመለሳል።
ለ. የሚወስነው ማን እንደሆነ አጣሩ። የብሎክ መሪው ነው? ርእሰ መምህሩ ነው? ውሃውን የሚያድለው ድርጅት ነው?
ሐ. ንግግራችሁን ጽፋችሁ ከ3 ደቂቃ እንዳይበልጥ በጓደኛ ፊት ተለማመዱት።
መ. ብቻችሁን አትሂዱ። አብሮ የሚሄደው ሰው ግን ሲጠየቅ ካልሆነ በቀር አይናገር።
ሠ. ያነጋገራችሁትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የሰጣችሁን መልስ መዝግቡ። በቀጠሮው ቀን ተመለሱ።

ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ስሜ እገሌ ይባላል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የትምህርት ቤታችን መጸዳጃ ቤት በር ጠባብ ስለሆነ ወንበሬን አያስገባም። ስለዚህ ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ እስክመለስ ድረስ በዚህ ሙቀት ውሃ አልጠጣም። የምጠይቀው የአንዱ መጸዳጃ በር እንዲሰፋና ከፊቱ ያለው ደረጃ በአፈር እንዲደለደል ነው። መልሱን ለመስማት በሚመጣው ዓርብ እመለሳለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ልመና የለም፤ ስድብም የለም። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደ ደረሰበት፣ ምን እንደሚፈልግና መቼ እንደሚመለስ ብቻ ተነግሯል። «ውሃ አልጠጣም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከልጁ በቀር ማንም ሊያስበው እንደማይችልም አስተውሉ። በሩን የሠራው አናጺ አላሰበውም፤ እናቱም ላታውቀው ትችላለች።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በሚኒሶታው ሥልጠና ወላጆችና አካል ጉዳተኞች አብረው የሚማሩት ለምንድን ነው?
2. በሰፈራችሁ አካል ጉዳተኞች የሚጠሩባቸውን የሚያዋርዱ ስሞች አስቡ። በእያንዳንዱ ፋንታ ምን ማለት ይገባል?
3. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት አካል ጉዳት ያለበት ሰው ካለ፣ አንድ ነገር ቢለወጥለት የሚመርጠው ምን እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን በራሱ ቃል ጻፉ፤ የራሳችሁን አሳብ አትጨምሩበት።
4. ፈቃደኛ ከሆነ የ3 ደቂቃ ንግግሩን አብራችሁ አዘጋጁ። ንግግሩን የሚያቀርበው ግን እርሱ ነው።