የሞተር ብስክሌት ስምና ዕቃው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሞተር ብስክሌትን ስም ግን የሚያወጣው ፋብሪካው ነውና፥ ስሙን ብቻ አይቶ ስለ ዕቃው መፍረድ ስሕተት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በከፋ ጭቃና ዳገት የሚሄዱትን ሞተር ብስክሌቶች አወዳድሬ፥ በስም ሲለያዩ በዕቃ የሚገናኙበትን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ይህን እንድመረምር ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት የደረሰብን ነገር ነው። ታላቅ ወንድሜ ከዴቻ ወረዳ ወደ ቦንጋ ሰውና ማር እያመላለሰ ቤታችንን ይረዳል። የኋላው ጎማ ኩሽኔታ በተሰበረ ጊዜ፥ «የዚሁ ፋብሪካ ዕቃ ካልሆነ አይገጥምም» ብለን እስከ ጅማ ድረስ ስናፈላልግ ሞተሩ 11 ቀን ቆመ። በእነዚያ ቀኖች የጎረቤታችን የታመመ ልጅ በአባቱ ጀርባ ታዝሎ በጭቃ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የተሰበረውን ኩሽኔታ በቤንዚን አጥበው በጠርዙ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አሳዩን፤ 6301 ይላል። ያው ቁጥር ያለው ኩሽኔታ እዚሁ ቦንጋ ገበያ ተገኘ።

እንግዲህ ወደ ማወዳደሩ እንግባ። የጃፓኖቹ ያማሃ ዲቲ 125 እና ሆንዳ ኤክስኤል 125 ለኮረኮንች መንገድ ታስበው የተሠሩ ስለ ሆነ፥ የፊት ቸርኬያቸው 21 ኢንች፥ የኋላው 18 ኢንች ነው። ትልቅ ቸርኬ ጉድጓድና ድንጋይ በቀላሉ ይሻገራል። የህንዶቹ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ ግን ቸርኬያቸው ያነሰ ነው፤ የተሠሩትም በየቀኑ ሰውና ጭነት ለማመላለስ ነው።

በስም የተለያዩ ሞተር ብስክሌቶች ብዙ ጊዜ የሚጋሯቸው ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፤

1ኛ. ኩሽኔታ። 6301 የተባለው የውስጥ ቀዳዳው 12፥ የውጭ ስፋቱ 37፥ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው። ይህ ልክ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ 2 አርኤስ የሚል ካለበት በሁለት ወገን በጎማ የተሸፈነ ነውና ለእኛ ጭቃ ይሻላል።

2ኛ. ካቴና። 428 በተባለው ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ 12.7 ሚሊሜትር ነው። 420 የተባለውም ርቀቱ ያው ሲሆን ጠባብ ስለ ሆነ በ428 ጥርስ ላይ አይቀመጥም።

3ኛ. ጎማ። 3.00-17 ቢል ስፋቱ 3 ኢንች፥ የሚገባበት ቸርኬ 17 ኢንች ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር አይለዋወጥም። ያማሃ ዲቲ 125 እና ሆንዳ ኤክስኤል 125 በቸርኬ ልክ ቢስማሙም፥ የመጀመሪያው ባለ ሁለት ምት፥ ሁለተኛው ባለ አራት ምት ነውና የአንዱ ፒስቶን ለሌላው አይሆንም። ካንዴላም ቢሆን ጥርሱ ገጠመ ተብሎ አይገባም፤ ከልኩ የረዘመ እንደ ሆነ ፒስቶኑ ሊመታው ይችላል።

ዕቃ መጋራት የድኻ አገር ዘዴ ብቻ የሚመስለው ቢኖር ወደ አውሮፓ ይመልከት። የኦስትሪያው ኬቲኤም፥ እ.ኤ.አ. በ2013 የተቀላቀለው ሁስክቫርና፥ በ2019 የተጨመረው ጋስጋስ ለዱር መንገድ በሚሠሯቸው ብዙ ሞተሮች ላይ አንድ ዐይነት ሞተርና ሻንሲ ይጋራሉ፤ ቀለማቸው፥ አንዳንድ ዕቃቸውና ዋጋቸው ግን ይለያያል። ባጃጅም እ.ኤ.አ. በ2007 ከኬቲኤም አክሲዮን ገዝቷል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ በቤታችሁ ሞተር ብስክሌት ካለ፥ ሳይሰበር የኩሽኔታውን፥ የካቴናውንና የጎማውን ቁጥር በደብተር ጽፋችሁ አስቀምጡ። እኔ ለወንድሜ ጽፌ በመቀመጫው ሥር አኑሬለታለሁ። ሞተሩ ቢቆም እንኳ ከእንግዲህ 11 ቀን አይቆምም።