ስሙን የማያውቅ ሰው እንዴት ያገኘዋል?

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሚንግ ለምትማሩ፤ ዛሬ የምናየው የተጻፈ ኮድ እንዴት እንደሚገኝ ነው። ሜቶድ ማለት አንድ ሥራ የሚሠራ፣ ስም የተሰጠው የኮድ ክፍል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ክላስ ሜቶዶችን ይይዛል፤ ላይብረሪ ክላሶችን ይይዛል። ችግሩ የሚመጣው ሲበዙ ነው።

አጋሮ ላለ የቡና ገበሬዎች ማኅበር የሚዛን መዝገብ እየሠራችሁ ነው እንበል። ገበሬው ጀንፈሉን በኪሎ ያስረክባል፤ በገበያ ዋጋ የሚጠራው ግን በፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለሙያ ኪሎን ወደ ፈረሱላ የሚመልስ ሜቶድ ጽፎ «ቀይር2» ብሎታል። ሜቶዱ አለ፣ ሒሳቡም ትክክል ነው። እናንተ «ፈረሱላ» ብላችሁ ስትፈልጉ ግን አይወጣም። ስለዚህ ሌላ ትጽፋላችሁ። ቆይቶ አንዱ ሲታረም ሌላው ሳይታረም ይቀርና የገበሬው ሒሳብ ሁለት ዓይነት ይወጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ፈላጊው የጎደለው ምንድን ነው? ስሙ። ያለውስ? በእጁ የያዘው 340 ኪሎና የሚፈልገው 20 ፈረሱላ። እንግዲህ ላይብረሪ መደርደር ያለበት ፈላጊው በሚያውቀው ነገር ነው። የቡና ሰዎች ይህን ከተረዱት ቆይተዋል። «ጅማ 5» ሲባል ገዥው ጆንያውን ሳይከፍት ቡናው ከየት እንደመጣና ደረጃው ስንት እንደሆነ ያውቃል። «የታጠበ ሊሙ» ሲባልም ቦታውንና አዘገጃጀቱን ያውቃል።

ወደ ኮድ እንመለስ። በጃቫ የጽሑፍን ርዝመት ለማወቅ «ሌንግዝ» ብላችሁ ቅንፍ ትከፍታላችሁ። ለአሬይ «ሌንግዝ» ያለ ቅንፍ ነው። ለአሬይሊስት ደግሞ «ሳይዝ» ነው። አንድ ጥያቄ፣ ሦስት መልስ! ጀማሪን የሚያደናግረው የራሱ ስንፍና አይደለም። ሩቢ ለአሬይ «ሌንግዝ»ንም «ሳይዝ»ንም ይቀበላል፤ ፈላጊው በየትኛውም በር ቢመጣ ይገባል። እኔ ይህን እደግፋለሁ፤ ዋጋው ኮድ የሚያነብ ሰው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ማወቅ ያለበት መሆኑ ነው፣ እሱም ቀላል ነው።

ሌላው መንገድ መመደብ ነው። በአሜሪካ በዜሮክስ ፓርክ የተሠራው ስሞልቶክ በአንድ ክላስ ውስጥ ያሉትን ሜቶዶች በሥራቸው ይከፋፍላል፤ ለማነጻጸር የሚያገለግሉት ለብቻ፣ ለመቀየር የሚያገለግሉት ለብቻ ሆነው ይታያሉ።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው የስሞልቶክ ዝርያ፣ ከስኩዊክ ጋር የሚገኘው «ሜቶድ ፋይንደር» ነው። ስም አይጠይቅም። 3፣ 4 እና 7 ብላችሁ ስትጽፉ፣ ከ3ና ከ4 ተነሥቶ 7 የሚሰጠውን ሜቶድ ይፈልጋል። እንዴት? ራሱ እየሞከረ ውጤቱን ያነጻጽራል። የሚሞክረውም አስቀድሞ የተፈቀዱትን ብቻ ነው፤ ፋይል የሚያጠፋ ሜቶድ በሙከራ ቢነሣ ጥፋት ይሆናልና።

ልብ በሉ፦ መደመር ብቻ አይወጣም። 3ንና 4ን በቢት «ወይም» ብታገናኙም 7 ነው። ስለዚህ ምሳሌ በጥንቃቄ ይመረጣል። 5፣ 6 እና 11 ብትሉት ያ «ወይም» ይወድቃል፤ 5ና 6 በቢት «ወይም» 7 ናቸውና። በእኛ መዝገብም 0 ኪሎ ሰጥታችሁ 0 ፈረሱላ ብትጠብቁ ስንቱ ሜቶድ ይመጣላችኋል! 340 እና 20 ግን አንዱን ይለያል።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከጻፋችኋቸው ሜቶዶች አምስቱን ምረጡ። ለጓደኛችሁ ስማቸውን ሳትነግሩ፣ በእጁ ያለውንና የሚፈልገውን ብቻ ንገሩትና ይፈልጋቸው። ካላገኛቸው ስማቸውን ቀይሩ።