የባሕር ንጉሥ ስሙን እንዴት አገኘ?

ገበሬ ጥጃ ሲወለድለት መልኩን አይቶ ቦራ ወይም ዳልቻ ብሎ ይጠራዋል። ጤፉንም ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እያለ ይለያል። ለዚህ ማንንም አያስፈቅድም። በሳይንስ ግን ለአንድ የእንስሳ ዝርያ ስም ማውጣት የራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ለመረዳት በእስያ፣ በኢንዶኔዥያ ባሕር የተገኘውን የአንድ ዓሣ ታሪክ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንዶኔዥያ በብዙ ሺህ ደሴቶች የተሠራች አገር ናት። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው፤ በጣና ሐይቅ ውስጥ እንዳሉት ማለት ነው። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ባሕሩ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው። በኢንዶኔዥያ፣ በፊሊፒንስና በኒው ጊኒ መካከል ያለውን ባሕር የሚያህል ብዙ ዓይነት ዓሣና ኮራል ያለበት ባሕር በዓለም ላይ የለም። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ጥቃቅን እንስሳት የሚሠሩት ቤት ነው።

በሴፕቴምበር 1997 ማርክ ኤርድማን የሚባል አሜሪካዊ የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ከባለቤቱ ከአርናዝ ሜህታ ጋር ማናዶ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ማናዶ ያለችው በሱላዌሲ ደሴት ሰሜን ጫፍ ነው። ገና አዲስ ሙሽሮች ነበሩ። ገበያ እንደደረሱ አንድ ትልቅ ዓሣ በጋሪ ሲያልፍ ቀድማ ያየችው አርናዝ ናት። ኤርድማንም ዓሣውን ሲያየው ወዲያው አወቀው፤ ሲላካንት ነበር። ፎቶግራፍ አነሡት፤ ሻጩንም ጥቂት ጠያየቁት። ግን ሳይገዙት ቀሩ፤ ዓሣውም ተሸጦ ሄደ። ኤርድማን በዚያ ባሕር ሲላካንት መኖሩ ቀድሞ የታወቀ መስሎት ነበር። አልታወቀም ነበር!

ታዲያ ሲላካንት ምንድን ነው? ክንፎቹ እንደ ሌላው ዓሣ ከገላው ላይ የተለጠፉ አይደሉም፤ አጥንትና ሥጋ ካለው አጭር እጅ መሰል ነገር ላይ ይበቅላሉ። ሲዋኝም የግራውንና የቀኙን ክንፍ እያፈራረቀ ነው፤ ልክ ፈረስ ሶምሶማ ሲሄድ እግሩን እንደሚያፈራርቀው። ዘሩ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ሊቃውንት የሚያውቁት ወደ ድንጋይነት የተለወጠውን ቅሪቱን ብቻ ነበር። ከ66 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ በተሠሩት ድንጋዮች ውስጥ ስላላገኙት ዘሩ ጠፍቷል ብለው ደመደሙ።

ይህን የሻረው በዲሴምበር 1938 በደቡብ አፍሪካ፣ በኢስት ለንደን ወደብ የሆነው ነገር ነው። የአንድ ትንሽ ሙዚየም ኃላፊ የነበረችው ማርጆሪ ኮርትኔይ ላቲመር በመርከብ ከመጣ የዓሣ ክምር ውስጥ ሰማያዊ ክንፍ ብቅ ብሎ አየች። ዓሣውን በታክሲ ጭና ወሰደችው፤ ሥዕሉንም ሥላ ጄ. ኤል. ቢ. ስሚዝ ለተባለ ሊቅ ላከችለት። ወቅቱ የዚያ አገር በጋ ስለነበረ ሆድ ዕቃው ተበላሽቶ ተጣለ፤ የተረፈው ቆዳውና ጥቂት አጥንት ነው። ስሚዝ በስሟ ላቲሜሪያ ብሎ ሰየመው። ሁለተኛው ሲላካንት እስኪገኝ 14 ዓመት ፈጀ፤ እሱም የተገኘው በኮሞሮ ደሴቶች ነው። የኮሞሮ ዓሣ አጥማጆች ግን ዓሣውን ጎምቤሳ እያሉ ከድሮ ጀምሮ ያውቁት ነበር። ሥጋው ቅባት ስለሚበዛበት እምብዛም አይፈልጉትም። እንግዲህ ‹‹ተገኘ›› ሲባል ለማን እንደተገኘ ልብ እንበል።

ወደ ማናዶ እንመለስ። ኤርድማን ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ዓሣ አጥማጆችን ጠየቀ። ብዙዎቹ አናውቀውም አሉ። ከሚያውቁት ግን ስሙን ሰማ፤ ‹‹ራጃ ላውት›› ይሉታል፤ የባሕር ንጉሥ ማለት ነው። በጁላይ 30 ቀን 1998 ማናዶ ቱዋ በምትባለው ደሴት አጠገብ፣ ለሻርክ ተብሎ በጥልቁ ከተዘረጋ መረብ ውስጥ አንድ ራጃ ላውት ወጣ። ለኤርድማን ሲያመጡለት ገና ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ነው። ቦታው ከኮሞሮ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የኮሞሮው ሰማያዊ ሲሆን ይሄኛው ቡናማ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። ይህ ዓሣ ከኮሞሮው ጋር አንድ ዝርያ ነው ወይስ ሌላ? መልክ ብቻውን አያስተማምንም፤ ቀይ ላምና ጥቁር ላም አንድ ዝርያ አይደሉም እንዴ? ስለዚህ ተመራማሪ የዓሣውን ርዝመት በየብልቱ ይለካል፣ የክንፉን አጥንት ይቆጥራል፣ ቅርፊቱን ያያል፤ ከዚያም ቀድሞ ከሚታወቁት ጋር ያስተያያል። በዚህ ዘመን ደግሞ ዲ. ኤን. ኤ. የሚባለው አለ። ዲ. ኤን. ኤ. በእያንዳንዱ ሕያው አካል ውስጥ ያለ ጽሑፍ እንደማለት ነው። የእኛ ፊደል ከ200 በላይ ሲሆን የእሱ 4 ብቻ ነው፤ በ4ቱ ግን ዝንብም ዝሆንም ይጻፋሉ። የሁለቱ ሲላካንቶች ጽሑፍ በከፊል ጎን ለጎን ሲነበብ ከ100 ፊደል 4 ያህሉ ተለያየ። ለረጅም ዘመን ሳይገናኙ የኖሩ ሁለት ዝርያዎች ናቸው ማለት ነው።

ልዩነቱ ቢታወቅም ስሙ የሚጸናው መግለጫው ታትሞ ሲወጣ ነው። ስሙ የላቲን ወግ የያዘ ሁለት ቃል ይሆናል፤ የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ። ይህን አጠራር ለእንስሳት ሁሉ ያስያዘው ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 ባወጣው መጽሐፉ ነው። መግለጫው የተመሠረተበት እንስሳም በሙዚየም ይቀመጣል። ነገ የሚጠራጠር ሰው ሄዶ እንዲያየው ነው፤ ፎቶግራፍ አይቆረጥም፣ አይለካም። የማናዶውም ዓሣ ለኢንዶኔዥያ ሙዚየም ተሰጠ።

ጭቅጭቁ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ኤርድማንና ባልደረቦቹ የዓሣውን መገኘት በ1998 ኔቸር በተባለው መጽሔት አስታወቁ፤ አዲስ ስም ግን አላወጡለትም። በ1999 ሎረን ፑዮ የተባለ ፈረንሳዊ ከኢንዶኔዥያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ መግለጫውን አሳተመና ላቲሜሪያ ሜናዶዌንሲስ አለው፤ የማናዶው ላቲሜሪያ ማለት ነው። ዓሣውን ፈልጎ ያገኘው ኤርድማን ከአሳታሚዎቹ መካከል አልነበረም። ነገሩ ብዙ ቅሬታ አስነሣ። ሆኖም ሕጉ ማን ደከመ ብሎ አይጠይቅም፤ ማን ቀድሞ በደንቡ አሳተመ ይላል። ስሙም ጸና። እኔ ሕጉ ደረቅ ነው እላለሁ፤ ግን እሱ ባይኖር አንድ ዓሣ በየአገሩ አሥር የሳይንስ ስም ይኖረው ነበር። የማናዶ ዓሣ አጥማጆችስ? ስማቸው በዓሣው ስም ውስጥ የለም፤ የከተማቸው ስም አለ።

ስም በገንዘብም ይወጣል። በ2007 በሞናኮ በተደረገ ጨረታ፣ በኢንዶኔዥያ ምሥራቃዊ ባሕር ለተገኙ 10 ዓሦች ስም የማውጣት መብት ተሸጦ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ። ከእነሱ አንዱ በክንፎቹ እየተራመደ በባሕሩ ወለል ላይ የሚሄድ ትንሽ ሻርክ ነው። ስም መሸጡ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ገንዘቡ ግን ለዚያው ባሕር ጥበቃ የዋለ ነው።

ራጃ ላውት ዛሬም አልፎ አልፎ ሳይፈለግ በመረብ ይያዛል። በ2007 በማናዶ የተያዘ አንዱ በገንዳ ውስጥ 17 ሰዓት ያህል ቆይቶ ሞተ። በ2021 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው የኮሞሮው ዘመዱ 100 ዓመት ያህል ይኖራል፤ ለመውለድ የሚደርሰው ወደ 55 ዓመቱ ነው፤ እርግዝናውም 5 ዓመት ያህል ይፈጃል። ላም 9 ወር ነው የምታረግዘው። ለሻርክ የተዘረጋ መረብ አንዲት እርጉዝ ሲላካንት ቢያወጣ፣ እሷን የሚተካ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደሚያስፈልግ ደምራችሁ ድረሱበት።

ለውይይት፦ በአካባቢያችሁ የምታውቁት፣ የሌላ አገር ሰው ግን የማይለየው ወፍ፣ ዓሣ ወይም ዕፅ አለ? ስሙን ማን አወጣው? ከሌላው የምትለዩትስ በምኑ ነው?